ቅዳሜ የማይዘንብበት መዝገብ

ማክሰኞ፣ ማርች 4

ነጩን ሳጥን ከፈትኩት። ዶሮ!

ቴርሞሜትር የሚሰቀልበት ሳጥን ውስጥ ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች። አየችኝና ፊቷን አዞረች። ቤቷ የገባሁባት እኔ ነኝ። የማን ናት ብዬ ብጠይቅ የትምህርት ቤቱ ወጥ ሠሪ እየሳቀች መጣች። "ቲቸር፣ ገና መታቀፏ ነው። እስክትፈለፍል ሦስት ሳምንት ታገሻት።" ቴርሞሜትሩስ? "እሱማ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ እንዳይሰበር ብለን።"

እንዳይሰበር... ወይ ጉድ!

የዝናብ መለኪያው ደግሞ ማንጎ ዛፍ ሥር ተተክሏል። ቅጠሉ ጠጥቶ የተረፈውን ነው እኛ የምንለካው።

አራት ዓመት ናይሮቢ ስለ አየር ጠባይ ተማርኩ። ሳተላይት፣ ራዳር፣ የኮምፒውተር ትንበያ። አሁን ከዶሮ ጋር ስለ ቦታ እደራደራለሁ። ግን የስድስት ወር ኮንትራት ነው። የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤቱ ማመልከቻዬን ከተቀበለ ሦስት ወር ሆነው። ይደውላሉ። መደወል አለባቸው።

ከሰዓት በኋላ ከፎርም ሁለት ልጆች ጋር መለኪያውን ነቅለን ሜዳው መሃል ተከልነው። ሚስተር ማጋክ በቢሮው መስኮት ያየን ነበር። ምክትል ርዕሰ መምህርም የጂኦግራፊ ኃላፊም እሱ ነው። ዝምታው ፈቃድ ነው ወይስ ቀጠሮ?

ሐሙስ፣ ማርች 6

ዛሬ ጥሩ ቀን ነበር። እዚህ ደብተር ላይ አንዳንዴ ጥሩም ይጻፍ።

ሁለት ሳህን ፀሐይ ላይ አወጣን። አንዱ አሸዋ፣ አንዱ የሐይቅ ውሃ። ቴርሞሜትሩን ከመሳቢያ ነፃ አውጥቻለሁ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አሸዋው 41 ዲግሪ፣ ውሃው 29። ጥላ ውስጥ ስናስገባቸው አሸዋው ቶሎ በረደ፤ ውሃው ሙቀቱን ይዞ ቆየ።

"ታዲያ ሌሊት ምን ይሆናል?" አልኳቸው። መሬቱ ይበርዳል፤ ሐይቁ ሞቆ ያድራል። ሐይቁ ላይ ያለው አየር ቀሎ ይነሳል፤ ቦታውን ለመሙላት ነፋስ ከየብስ ወደ ውሃ ይሄዳል። ከኛ በኩል፣ ከኡጋንዳ በኩል፣ ከታንዛኒያ በኩል። ሐይቁ መሃል ይጋጠማል።

"ከተጋጠመ ወዴት ይሄዳል?"

እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ከኋላ አንዲት ልጅ፣ "ወደ ላይ! ሌላ መሄጃ የለውማ!"

ልስማት ነበር። ወደ ላይ ይወጣል፣ ይበርዳል፣ ተኑ ደመና ይሆናል፣ ደመናው ይቆለላል፣ ነጎድጓድ ይሆናል። ለዚህ ነው የኛ ሐይቅ ሌሊቱንና ማለዳውን የሚያብደው። ዓሣ አጥማጅ አባቶቻቸው ይህን በደማቸው ያውቁታል። ምክንያቱን ግን ዛሬ በሁለት ሳህን አዩት።

እሑድ፣ ማርች 9

የዝናቡን መዝገብ ቤት ይዤ መጣሁ። የአሥራ አንድ ዓመት መዝገብ። ወፍራም፣ በሰማያዊ ጨርቅ የተለበደ። ለካውንቲው የሳይንስ ውድድር ሊቀርብ ነው ብለው ይኩራሩበታል። የእጅ ጽሑፉ እንዴት ያምራል! ሥርዝ የለ፣ ድልዝ የለ።

አንድ ሰዓት ያህል እንዳነበብኩ አንድ ነገር ከነከነኝ። ቅዳሜ፣ 0.0። ቅዳሜ፣ 0.0። ቅዳሜ...

ሁሉንም አየሁ። ጣቴን ይዤ፣ ገጽ በገጽ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ ትምህርት ቤት ቅዳሜ አንድም ቀን አልዘነበም!

ትናንት፣ በቅዳሜ ሰንበታችን፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እስከ አጥንታችን በስብሰን ነበር። የእማዬ የሰንበት ባርኔጣ እስካሁን ገመድ ላይ ነው።

ሰኞ፣ ማርች 10

ቃል በቃል ልጻፈው። አለዚያ ነገ እኔው ራሴ አላምነውም።

"ሚስተር ማጋክ፣ መዝገቡ ላይ ቅዳሜ ዘንቦ አያውቅም።"

"ቅዳሜ ማን ይለካል? ሰንበት አይደለም እንዴ? የማን ልጅ ነሽ አንቺ?"

"አለመለካታችሁን አልተቃወምኩም። ዜሮው ለምን ይጻፋል?"

"ምን ይጻፍ ታዲያ?"

"ባዶ ይተው።"

"ባዶ ከሆነ ተቆጣጣሪው ሥራ አልሠሩም ይላል።"

"አልሠራንማ!"

ሳቀ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። "የቅዳሜው ውሃ እኮ የትም አይሄድም። እሑድ ጠዋት ከእሑዱ ጋር አብሮ ይለካል። ወር ሲያልቅ ድምሩ ያው ነው። ዝናብ ዝናብ ነው።"

"እሑድ ያልዘነበው እሑድ ዘነበ፣ ቅዳሜ የዘነበው አልዘነበም ተባለ። ይህ ያው ነው?"

"ልጄ፣ አሥራ አንድ ዓመት ስጽፍ ይህን መዝገብ ገልጦ ያነበበ ሰው አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።"

ሙገሳ ነው ስድብ? እስከ ምሳ ሰዓት ሳሰላስለው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩ፦ ዜሮ ማለት ሄድኩ፣ አየሁ፣ የለም። ባዶ ማለት አልሄድኩም። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ገለበጡት። ማጋክ በመተላለፊያው ሲያልፍ ቆሞ አነበበ። ያንብብ!

ረቡዕ፣ ማርች 12

ለታላቅ ወንድሜ ለራዲንግ ምሳ ላደርስ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ከኦንዲቲ ጋር መረብ ይጠግኑ ነበር። ጀልባዋ የሁለቱ ናት። ኦንዲቲ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ሰማዩን በመርፌው እያሳየ፣

"ቲቸር! ደመናው ዛሬ ምን አለሽ?"

"ኦንዲቲ ተንሳፋፊ ጃኬት ይልበስ አለኝ።"

"እሱን ከለበስኩማ ዓሣዎቹ ፈሪ መጣ ብለው ይስቁብኛል።" ከዚያ ዳርቻው ላይ ያለውን የባንዲራ ምሰሶ በአገጩ አሳየኝ። "እኔ የማምነው የሽማግሌውን ባንዲራ ነው። አረንጓዴ ከሆነ እወጣለሁ፣ ብርቱካናማ ከሆነ አስባለሁ፣ ቀይ ከሆነ ሚስቴ ጋ እተኛለሁ። ይኸው ነው የኔ ሳይንስ።"

ራዲንግ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ባንዲራውን የሚሰቅሉት አባባ ኦቢኤሮ ናቸው። ከሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤቱ በስልክ የትንበያ መልእክት ይመጣል፤ ጠዋትና ማታ። ባትሪም ይዘው ቢሆን ወርደው ይቀይሩታል። ስድስት ዓመት ያለ ደመወዝ። ለትምህርት ቤቱ ስል እኔም ቁጥሬን አስመዝግቤያለሁ፤ መልእክቱ ለኔም ይደርሰኛል።

በዚህ መንደር ሥራውን በትክክል የሚሠራ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው ብዬ እያሰብኩ ወደ ላይ ወጣሁ።

ዓርብ፣ ማርች 14

ፀሐይ ሊጠልቅ ነው። ቶሎ ቶሎ ልጻፍ።

ራዲንግና እማዬ እንደየሳምንቱ ተጣሉ። ነገ ማለዳ ከኦንዲቲ ጋር መረብ ሊያነሳ ነው። "በሰንበት!" ትላለች። "መረቡ ሰንበት አያውቅም፣ እማ" ይላል። ስልኮቻችንን ሰብስባ መሳቢያ ውስጥ አስገባች። ራዲንግ ግን የሱን አልሰጣትም።

ባንዲራው አረንጓዴ ነው፤ ከደጃችን ይታያል።

ሰንበት ሲገባ ብዕሩም መቀመጥ አለበት።

እሑድ፣ ማርች 16

ኦንዲቲ የለም።

...

ዛሬ ጠዋት አገኙት። ከሐይቁ ወሽመጥ ማዶ ባለው መንደር፣ ሸምበቆ ውስጥ።

ከየት ልጀምር? ትናንት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ግድም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበርን። ነፋሱ መጣ። የጣሪያው ቆርቆሮ መጮህ ጀመረ፤ መዝሙሩን ዋጠው። ከዚያ ዝናቡ። እማዬ እጄን ያዘች፤ አላየችኝም። ሁለታችንም የምናስበው አንድ ነገር ነበር።

አራት ሆነው ነበር የወጡት። ማዕበሉ ከጎን መታቸው። ሁለቱ የተገለበጠችው ጀልባ ላይ ተጣብቀው ዳኑ። ራዲንግ ራሱን ከባዶ ጄሪካን ጋር በመረብ ገመድ አሠረ። ኦንዲቲ አጠገቡ ነበር አለ። እያወራው ነበር አለ። ከዚያ አንድ ትልቅ ሞገድ... ከዚያ አላወራውም።

ራዲንግን እኩለ ቀን ላይ የሌላ መንደር ጀልባ አመጣው። ገመዱ እጁን በልቶታል። አልጋው ላይ ሆኖ ግድግዳ ያያል።

ዝናቡ ሲያባራ፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቼ ነበር። በሰንበት ቀሚሴ ሜዳው መሃል ሄጄ መለኪያውን አነበብኩ። 41.5 ሚሊ ሜትር። ወንድሜ ውሃ ላይ እያለ ዝናብ መለካት! ምን ነካኝ? እጄ የሚይዘው ነገር አጣ መሰለኝ።

ሰኞ፣ ማርች 17

ሐይቁ ዳር ያሉት ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚሉት። ድንገተኛ ማዕበል። ድንገተኛ ነበር፣ ምን ይደረጋል።

ድንገተኛ??

ለአባባ ኦቢኤሮ መልእክቱ ዓርብ ማታ ተልኳል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ10። "ከሌሊት እስከ ረፋድ ብርቱካናማ፣ ኃይለኛ ነፋስና ነጎድጓድ።" ግን ሰንበት ገብቷል። ስልካቸውን ዓርብ ፀሐይ ሳይጠልቅ ያጠፋሉ። ገመድ አይነኩም። ዓርብ ከሰዓት የተሰቀለው ባንዲራ እስከ ቅዳሜ ማታ እንዳለ ይቆያል። ሁሌም እንዲህ ነው! ስድስት ዓመት! ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አንድም ሰው አላሰበውም። እኔ መዝገብ ይዤ ስለ ቅዳሜ ዜሮ ሰው ስጨቀጭቅ ከደጃችን የሚታይ ሌላ የቅዳሜ ዜሮ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ነበር። አረንጓዴ ዜሮ። ማንም ያላየው።

መልእክቱ የኔም ስልክ ላይ አለ። ያው ሰዓት።

ስለዚህኛው ዛሬ አልጽፍም።

ማክሰኞ፣ ማርች 18

ከዓሣ ሀብት ቢሮ ሁለት ሰዎች መጡ። አደጋውን ለመመዝገብ። ቅዳሜ በአካባቢው የጣለውን ዝናብ ፈለጉ። ማጋክ መዝገቡን ዘረጋላቸው፤ በኩራት።

"ቅዳሜ፣ ማርች 15... 0.0" ብሎ አነበበ።

ጻፈው! ሰው ሞቶ፣ የራሱ ቢሮ ደጃፍ ጎርፍ ሄዶበት፣ እሑድ ጠዋት ተቀምጦ በልማድ ዜሮ ጻፈ! እጁ ብቻ ነው የጻፈው፤ ጭንቅላቱ አልነበረም። ከዚያ የእሑዱ ላይ ምን አስገባ? 0.0! መለኪያውን እኔ ቅዳሜ ባዶ አድርጌዋለሁና።

"ስለዚህ ማዕበሉ የብስ አልደረሰም" አለ አንደኛው ሰውዬ፣ እየጻፈ።

"41.5!" አልኩ። ድምፄ ከምፈልገው በላይ ወጣ። "እኔ ለክቻለሁ። ሦስት ሰዓት ላይ።"

ሰውዬው ማጋክን አየ፣ ማጋክ ጫማውን አየ። "ወጣት ናት" አለ። "ወንድሟም አደጋው ላይ ነበር። ተረብሻለች።"

ተረብሻለች! አዎ፣ ተረብሻለሁ። ልረበሽ እንጂ! ሁለት ሰው ጠፍቶ አንዱ ብቻ ተመልሶ፣ ሰማዩ ራሱ ወረቀት ላይ ውሸታም ሲባል ያልተረበሸ ሰው ምን ሊባል ነው?

ሁለቱንም ቁጥር ጽፈው ሄዱ።

ረቡዕ፣ ማርች 19

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ። "በእንግዶች ፊት ትምህርት ቤቱን ማሳፈር።" የእጅ ጽሑፉ እንደ መዝገቡ ያምራል።

ሐሙስ፣ ማርች 20

ዛሬ ኦንዲቲን ቀበርን።

ሚስቱ እጄን ይዛ፣ "አረንጓዴ ነበር፣ አይደል? አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ንገሪኝ። አረንጓዴ ነበር?" አለችኝ። "አዎ፣ አረንጓዴ ነበር" አልኳት። ደስ አላት። ባሏ ሞኝ አለመሆኑን ነው የፈለገችው።

አሁን ልጻፈው።

ዓርብ ማታ ጸሎት ላይ ነበርን። መሳቢያው በደንብ አልተዘጋም፤ በክፍተቱ ብርሃን አየሁ። ስልኬ ነበር የበራው። አንድ ጊዜ፣ አጭር። የመልእክት ብርሃን መሆኑን አውቄያለሁ። በዚያ ሰዓት ማን መልእክት እንደሚልክም አውቃለሁ። እማዬ ዓይኗን ጨፍና ትጸልያለች። ሁለት እርምጃ ነበር የሚያስፈልገኝ። አልተነሳሁም። ሰንበት ስለሆነ ነው? ወይስ እማዬን ላለማስቀየም? ወይስ ባንዲራው አረንጓዴ ነው ብዬ? ሦስቱም። አንዱም አይደለም።

ያን ማታ ራዲንግ ከግድግዳው ማዶ ተኝቶ ነበር።

ማጋክን ስሳደብ የከረምኩት ለዚህ ይሆን? እኔም አላየሁም። ባለማየቴ ግን ደህና ነው ብዬ ተኛሁ።

እሑድ፣ ማርች 23

የሐይቁ ዳር ኮሚቴ ስብሰባ። ከዋርካው ሥር፣ ሴቶች በአንድ በኩል፣ ወንዶች በሌላ በኩል። ሊቀመንበሩ፣ "ድንገተኛ ማዕበል ነው፤ የእግዚአብሔር ሥራ ነው" ብሎ ወደ ጄሪካን ግዢ ሊያልፍ ሲል ተነሳሁ።

"ድንገተኛ አይደለም! ዓርብ ማታ ተነግሯል!"

ጉርምርምታ። አባባ ኦቢኤሮ በርጩማቸው ላይ ቀና አሉ። ወደ እሳቸው ዞርኩ። በአያቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው፤ ጮህኩባቸው። "ባንዲራው ውሸታም ነበር! እያወቁ ተዉት! በየሳምንቱ ይተዉታል!"

"ቁጭ በይ አንቺ!" አለ አንዱ። የኦንዲቲ ወንድም ግን ተነሳ። "ተናገረች፣ ጥሩ። መልእክቱ ላንቺም ይመጣል አሉ። አንቺ የት ነበርሽ?"

ማምለጫ ነበረኝ። ስልኬ መሳቢያ ውስጥ ነበር ብል ይበቃ ነበር፤ እዚያ ከነበረው ሰው የግማሹ ስልክ ያን ማታ መሳቢያ ውስጥ ነበር።

"ሲበራ አይቻለሁ" አልኩ። "አልተነሳሁም።"

የእማዬን ዓይን ፈለግኩ፤ መሬት ታያለች። የኦንዲቲ ወንድም ትንሽ ቆመና ቁጭ አለ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

አባባ ኦቢኤሮ በዱላቸው ተደግፈው ተነሱ። "እኔም ስልኬን አጥፍቻለሁ" አሉ ቀስ ብለው። "ባንዲራውን ግን አላጠፋሁትም። እኔ ሳርፍ እሱ ሲናገር አደረ።" ወደ እኔ ዞሩ። "ምን ላድርግ ትያለሽ?"

"የማያዩ ከሆነ ያውርዱት። ምሰሶው ባዶ ይሁን።"

ወደ ቤት ስንመለስ ራዲንግ፣ "የጮህሽው ለኔ ነው ለራስሽ?" አለኝ። ከአደጋው ወዲህ ያወራኝ ረጅሙ ነገር ይኸው ነው።

ዓርብ፣ ማርች 28

አወረዱት! ፀሐይ ሳይጠልቅ፣ በገዛ እጃቸው። አጣጥፈው በብብታቸው ይዘው ሄዱ። ምሰሶው ራቁቱን ቆሟል። ብዙ ቀን ሆኖኝ ነበር እንዲህ ትንፋሽ ካገኘሁ።

እሑድ፣ ማርች 30

ትንፋሹ ለአንድ ሌሊት ነበር።

ትናንት ማለዳ ሐይቁ ዳር የነበሩት ያወሩልኝ ይህ ነው። "ባንዲራው ልብስ ማጠቢያ ገብቷል እንዴ?" "የለም፣ ሽማግሌው ለትራስ ልብስ ወስደውት ነው።" ሳቅ። ከዚያ ሰባት ጀልባ ወጣ። ለምን ወጣችሁ ብል፣ "ቀይ አልተሰቀለማ!"

በሰላም ተመለሱ፤ ሰማዩ ደግ ሆኖላቸው ነው። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ባዶ ማለት አልታየም ማለት መሆኑን ማን ነገራቸው? እኔ ለሠላሳ ስምንት የፎርም ሁለት ልጆች ነግሬ የተገላገልኩ መሰለኝ። ሰው ባዶ ነገር ሲያይ የሚፈልገውን ያነብበታል። ያልከፈትኩትን መልእክት እኔ ራሴ እንዲሁ አንብቤዋለሁ።

ባዶ ከውሸት ይሻላል። ግን አይበቃም። የሆነ ሰው ማየት አለበት! ቅዳሜም!

እማዬን፣ "እኔ ባየውስ?" አልኳት። ሳህን አጠበች፤ ንጹሑንም ደግማ አጠበችው።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 1

ዶሮዋ ጫጩቶቿን ይዛ ወጣች። ዘጠኝ። ሳጥኑን አጥበን ቴርሞሜትሩን ሰቀልን። ወጥ ሠሪዋ አንዷን ጫጩት ለኔ መርጣለች፤ "የቤት ኪራይ ናት" አለችኝ። ሳልወድ ሳቅኩ።

ሌላ ነገር። መዝገቡ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ማርች 15 ላይ 0.0 በቀይ መስመር ተሰርዟል። ጎኑ ላይ 41.5። በማጋክ የእጅ ጽሑፍ፣ ከነፊርማው። በአሥራ አንድ ዓመት የመጀመሪያው ሥርዝ።

ሌሎቹን ቅዳሜዎች አልነካቸውም። ደብዳቤውንም አላነሳልኝም። መተላለፊያው ላይ ስንገናኝ "ቀዩ ብዕር አልቋል" ብሎኝ አለፈ። ይቅርታ መሆኑ ነው? ልናደድበት ፈልጌ ነበር። እየተናደድኩም ነው... ግን እንደ በፊቱ አይሆንልኝም።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 3

አባባ ኦቢኤሮ ትምህርት ቤት ድረስ በእግራቸው መጡ። ዳገቱን! ወንበር ላምጣ ብል እንቢ አሉ። መለኪያውን ማየት ፈለጉ። ሜዳው መሃል ወስጄ አሳየኋቸው፤ ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ አዩ።

"ይህች ናት ቅዳሜ የማትሠራው?"

"እሷስ ትሠራለች፣ አባባ። የማንሠራው እኛ ነን።"

ፈገግ አሉ። "ልጄ፣ በሰንበት ቀን ሰው ቢወድቅ አነሳለሁ። ያንን ማንም ኃጢአት ነው አይለኝም። እንዳይወድቅ አስቀድሞ ማየት ግን ሥራ ነው ብዬ ስድስት ዓመት ኖርኩ። ኦንዲቲ ከሞተ ወዲህ ይህን ሳስብ ነው የማድረው።"

ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ከፈትኩ። ዱላቸውን አነሱ። "እሱን ተዪው። ጩኸትሽ ጆሮዬን ከፍቶልኛል። ቅዳሜ ማለዳ ምሰሶው ጋ እሆናለሁ። ዓይኔ ግን የስልክ ጽሑፍ አልለይ ብሏል። ታነቢልኛለሽ?"

"አነብልዎታለሁ" አልኩ። እማዬን ሳልጠይቅ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 5

ትናንት ፀሐይ ሲጠልቅ እማዬ ስልኮቹን ሰበሰበች። የሷን፣ የራዲንግን። ራዲንግ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰጣት። የኔን አንስታ አየችው፤ ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠችው። መሳቢያውን ዘጋች። ጸሎት ጀመርን።

ጸሎቱ መሃል በራ። ተነስቼ አነበብኩት። እማዬ ዓይኗን አልገለጠችም፤ ድምፅዋን ግን ዝቅ አደረገችልኝ።

ዛሬ ማለዳ አባባ ኦቢኤሮ በሰንበት ሱፋቸው፣ ከረባት አሥረው፣ ምሰሶው ሥር ቆመው አገኘኋቸው። የጠዋቱን መልእክት አነበብኩላቸው። "ድገሚው" አሉ። ደገምኩት። አረንጓዴ። ገመዱን ሳቡ። ዓሣ አጥማጆቹ ከጀልባዎቻቸው አጠገብ ቆመው አዩ። የቀለደ የለም።

ራዲንግ ካደጋው በኋላ ገና መውጣቱ ነው። በኦንዲቲ ቦታ የኦንዲቲ ወንድም ተቀምጧል። ሁለቱም ተንሳፋፊ ጃኬት ለብሰዋል።

"አዲ፣ እርግጠኛ ነሽ?" አለኝ ራዲንግ።

"አይደለሁም። ትንበያ ነው። ግን ታይቷል።"

ራሱን ነቅንቆ ጀልባዋን ገፋ።

ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ከቤተ ክርስቲያኑ አግዳሚ ወንበር ተነሳሁ። ለማለፍ እማዬ ጉልበቷን ሰበሰበችልኝ። ሜዳው ደረቅ ነው። መለኪያው ውስጥ አንዲት ጉንዳን ብቻ። አውጥቼ ለቀቅኳት።

ራዲንግ ስድስት ሰዓት ላይ ተመለሰ። እጁ ላይ ያለው የገመድ ጠባሳ እንደገና ደምቷል፤ እሱ ግን ርቦኛል አለ።

ከምሳ በኋላ ይህን ደብተር ከመጀመሪያው ገለበጥኩት። ሰኞ አለ፣ ረቡዕ አለ፣ ዓርብ አለ። ቅዳሜ የለም። ማጋክ ቢያንስ ዜሮ ይጽፍ ነበር።

መዝገቡ ላይ ያሰፈርኩትን እዚህም ልገልብጠው።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 5። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። 0.0። ሄጄ አይቼ ነው።